የድሬ ሾፌሮች የማይረሷቸው ከባድ መኪኖች

ስለ ድሬዳዋ የተጻፈው ሁሉ ቢሰበሰብ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው ባቡሩ ነው። ይገባዋልም፤ ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። የከባድ መኪናው ታሪክ ግን በየሾፌሩ ቤት ተበታትኖ ቀርቷል። አንዱ ሽማግሌ ስለ ኤንትሬ ያወራሉ፣ ሌላው ስለ ኢፋ፣ ሌላው ደግሞ በጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ስላደሩባቸው ሌሊቶች። ወሬውን አንድ ላይ ሲሰሙት ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል። አንደኛው፣ ባቡሩ በደከመ ወይም በተቋረጠ ቁጥር መንገዱን የሚረከበው ከባድ መኪና መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የሚመጣው መኪና የየት አገር ሥራ እንደሚሆን የሚወስነው መንግሥት በዘመኑ ከማን ጋር እንደተወዳጀ ወይም እንደተጣላ መሆኑ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የመኪና ፋብሪካዎች ለበዓላቸው መታሰቢያ በቁጥር የተወሰኑ ልዩ መኪኖችን ይሠራሉ። ቮልቮ ኤፍኤች የተባለውን መኪናውን የጀመረበትን 25ኛ ዓመት በ2010 ዓ.ም. ያከበረው እንዲህ ያለ ልዩ መኪና በማውጣት ነበር። በእኛ አገር ለሾፌር ልዩ የሆኑት መኪኖች ቁጥራቸውን የወሰነው ጦርነት፣ ዕርዳታና የውጭ ምንዛሪ ነው። አንድ ዙር ይመጣሉ፣ ዘመኑ ሲለወጥ መለዋወጫቸው ይጠፋል፣ ሁለተኛ አይመጡም። ከዚህ በታች ያለው ታሪካቸው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ባቡሩ ብቻውን በነገሠበት ጊዜ (1895–1928)

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ተራራውን መውጣት ግን የኩባንያውን አቅም የሚጨርስ ሆነና ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም "አዲስ ሐረር" የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ይህ ውሳኔ ለሾፌሮቻችን ታሪክም መነሻ ነው። ባቡር የማይወጣው ዳገት ከከተማዋ ደጃፍ ላይ ቀርቷልና ዕቃውን ሽቅብ የሚያወጣ ሌላ ነገር ማስፈለጉ አይቀርም። መጀመሪያ ይህን ያደረጉት ግመሎች፣ በቅሎዎችና አህዮች ናቸው። የሐረር ቡናና ቆዳ ወደ ጣቢያው ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ ጨውና ብረታ ብረቱ ይወጣል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊና ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በየፊናቸው ወደ አዲስ አበባ መኪና ይዘው ገቡ። ሁለቱም ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ የመጡት በባቡሩ ተጭነው ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ በበረሃው፣ በገደሉና በወንዙ እየተጎተቱ አዲስ አበባ ደረሱ። መኪና ወደ አገሩ ሲገባ በዚህች ከተማ በኩል ማለፉን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የአገሪቱ የውጭ ንግድ በአመዛኙ በአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ መስመር ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ጣሊያኖችን ያበሳጭ ነበር። በሐምሌ 1920 ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረሙት ውል ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራና በመንገዱ ላይ የሚጭነው አንድ የጋራ ኩባንያ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ውሉ በወረቀት ቀረ፤ የአዲስ አበባ መንግሥት የጣሊያንን ልብ ያውቅ ነበርና አልቸኮለም። በባቡርና በመኪና፣ በጅቡቲና በአሰብ መካከል ያለው ፉክክር ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። የባቡሩና የመኪናው ዛሬም አልቆመም።

ትሬንታ ኳትሮ (1928–1943)

በግንቦት 1928 መጀመሪያ የግራዚያኒ ጦር ከሐረር በኩል ወርዶ ድሬዳዋ ገባ። ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦርም እዚያው አገኘው። ወራሪው ወዲያው አንድ ችግር ገጠመው። ጦሩን፣ ሲሚንቶውን፣ ዱቄቱንና ሠራተኛውን የሚያመጣለት ባቡር የፈረንሳይ ነው፤ ታሪፉም ወደቡም በባዕድ እጅ ነው። መልሱ ከአሰብ የሚነሣ መንገድና የማያልቅ የከባድ መኪና ሰልፍ ሆነ። ድሬዳዋ ውስጥ ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ይህ ሁሉ መንገድና ድልድይ ሲሚንቶ ስለፈለገ ነው።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሾፌሮች ስሙን ለልጅ ልጅ ያስተላለፉት ፊያት 634 ነው፤ በእኛ አገር አፍ ትሬንታ ኳትሮ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ መሠራት የጀመረ ረጅም አፍንጫ ያለው የናፍጣ መኪና ሲሆን ጉልበቱ 80 ፈረስ ገደማ፣ ፍጥነቱም ደልዳላ መንገድ ላይ እንኳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነበር። ቢሆንም ከስድስት ቶን በላይ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይሄዳል፤ ካቢናውም ውስጥ ሰው የሚተኛበት ቦታ አለው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ላንቻ ትሬ ሮ ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። አምስት ሲሊንደር ሲዞር ድምፁ ያልተለመደ ነውና መኪናው ከመታየቱ በፊት ይታወቅ ነበር።

የጣሊያን አገዛዝ ኢትዮጵያዊውን ከመሪው አርቆ ረዳት አድርጎት ነበር። ጎማ የሚፈታው፣ ካሶኒው ላይ የሚያድረው፣ ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። እጁ ግን ሲያይ ውሎ ይማራል። በመጋቢት 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦር ድሬዳዋን ሲይዝ ጣሊያኖቹ ጥለዋቸው የሄዱትን መኪኖች ማንቀሳቀስ የሚችል አገር በቀል ሰው ነበር። እንግሊዞች ከጣሊያን ንብረት የሚነቀለውን ነቅለው፣ የሚነዳውን ነድተው ወሰዱ። የቀሩት መኪኖች በሐረርጌ መንገዶች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ፋብሪካቸው ምርቱን አቁሞ መለዋወጫ ከውጭ አይመጣም፤ ስለዚህ የተሰበረው በቶርኖ ይቀረጻል፣ የቆመው መኪና ለሚሄደው ይታረዳል። ድሬዳዋ በዚህ ዕድለኛ ነበረች። የምድር ባቡሩ ጋራዥ ብረት የሚያውቁ እጆችን ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲያሠለጥን የኖረ ነውና።

የኤንትሬ ዘመን (1943–1966)

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር ተደግፎ ተቋቋመ። ጣሊያን ሠርቷቸው የፈራረሱት መንገዶች እየተጠገኑ፣ አዳዲሶቹ እየተጨመሩ ሲሄዱ ሰው የሚፈልገው መኪና ዓይነት ተለየ። ረጅም መንገድ የሚችል፣ ተሳቢ የሚጎትት፣ በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም መሆን ነበረበት። በወቅቱ መንግሥት ከጣሊያን ጋር ታርቆ ነበር። አገሩ ውስጥ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥና የመለዋወጫ ሱቅ ነበራቸው፤ መካኒኩም ከሌላ አገር መኪና ይልቅ የጣሊያኑን ያውቅ ነበር። ፊያት 682 የመጣው እንዲህ በተዘጋጀለት ሜዳ ላይ ነው።

ይህ መኪና በጣሊያን አገር በ1944 ዓ.ም. አካባቢ ተጀምሮ በተከታታይ ተሻሽሏል። ኤን3 የተባለው፣ እኛ ኤንትሬ የምንለው፣ ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የተጠራው ነው። አፍንጫ የለውም፤ ካቢናው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። አውሮፓ ሌላ መኪና ለምዳ ከተወችው በኋላ እንኳ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ እስከ 1980 ዓ.ም. አካባቢ መሠራቱ አልቀረም፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ ይሉት ነበር። ንጉሥነቱ በፍጥነት አልነበረም። ኤንትሬ ቢበላሽ ሾፌሩና ረዳቱ ከመንገድ ዳር ፈትተው ይገጥሙታል። ባሌስትራው ቢሰበር በጠፍር ታስሮ እስከሚቀጥለው ጋራዥ ይደርሳል። ቢጫንበት እምቢ አይልም። በዚህ አገር መኪና የሚወደድበትን ምክንያት ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ነበር።

ለድሬ ሾፌር ፈተናው ደንገጎ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደቡብ የጋረዳት የተራራ አፋፍ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ መንገዱም ይህን ሁሉ በአጭር ርቀት ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ጎማዎቹን በብረት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፣ ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሞላል፣ የጎን ውሃ ያስራል። ዳገቱ ሲጀምር አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ከእግረኛ እኩል ነው። ረዳቱ ይወርድና ታኮውን፣ ማለትም ያን የተጠረበ የእንጨት ጉማጅ፣ ተሸክሞ ከተሳቢው የኋላ ጎማ ጎን ይራመዳል። ሞተሩ ከታፈነ ወይም ፍሬኑ ከሳሳ ታኮውን በዚያች ቅጽበት ከጎማው ሥር የሚወረውረው እሱ ነው። ቢዘገይ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ቢቸኩል እጁ ጎማ ሥር ይቀራል። መታጠፊያው ላይ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ ከላይ የሚወርድ ካለ ይመልሳል፣ ባዶው ለተጫነው ቦታ ይለቃል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ረዳቱ ታኮውን መልሶ ያስራል፣ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ወደ ሐረር ወይም በቁልቢ፣ በሂርናና በአሰበ ተፈሪ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቃል። ሲመለሱ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ቁልቁለት የሚወረደው በተወጣበት ማርሽ ነው። ይህን የዘነጋ ብዙ ሰው ደንገጎ ሥር ቀርቷል።

የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ይደረግ ነበር፤ በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ተብሎ ነው። አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ስለነበር ይህ የተመቸ ነገር ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 መላው አገር ወደ ቀኝ ተዛወረ። ቀኝ መሪ የያዘ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን የሚያይለት ረዳቱ ሆነ። ሕይወቱን በረዳቱ ዓይን ላይ ጥሎ መንዳት ማለት ነው። በዚያ ሙያ ውስጥ ሾፌርና ረዳት እንደ አባትና ልጅ የሚተያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በዚህ ጊዜ ባቡሩ ምን ሆነ? በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ አገኘች። ሐዲዱ ግን የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የድሮው ሐዲድ ነው፤ ታሪፉም ከፍ ያለ ነበር። የአሰብ መንገድ ሲሻሻልና በ1959 አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈት የጭነቱ ክብደት ወደዚያ አዘመመ። ቦቴዎችና ባለ ተሳቢዎች አሰብን ዋና በራቸው አደረጉ። ድሬዳዋ የባቡር ከተማነቷን እንደያዘች ኤንትሬዎቿ በሐረርጌ ከፍታ ላይ ቡና፣ ጫት፣ እህልና ሲሚንቶ መጫን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ደግሞ ሽራቸውን ገልጠው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ያመላልሳሉ፤ ከባድ መኪና ያለው ሰው የተሳለውን ሳያደርስ ቢያልፍ ይፈራ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አምቼ ተቋቁሞ የጣሊያን ከባድ መኪና እዚሁ መገጣጠም ተጀመረ። አንድ ትውልድ ሾፌር ሲመኘው የኖረው መኪና በአገሩ ስም ሰሌዳ ተለጥፎበት ወጣ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ሥርዓቱ ተገለበጠ።

ጦርነት፣ ቡናና ድርቅ (1966–1983)

ደርግ የትራንስፖርት ድርጅቶችን ወረሰ፤ የመንግሥት የጭነት ማመላለሻ ኮርፖሬሽንም ተቋቋመ። የግል መኪና ያለው ሰው መኪናው ባይወሰድበትም ጭነቱን የሚያገኘው ተራውን ጠብቆ፣ ዋጋውም መንግሥት በወሰነው ታሪፍ ሆነ። ትርፍ ስለሌለው አዲስ የሚገዛ የለም። ኤንትሬዎቹ በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላ ሃያ ዓመት ተጨማሪ ሠሩ።

በ1969 ክረምት መግቢያ ላይ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያሉ የባቡር ድልድዮች በሶማሊያ በሚደገፉ ተዋጊዎች ፈረሱ፤ ሐዲዱ ጸጥ አለ። በነሐሴ 11 ቀን 1969 የሶማሊያ ታንኮች ከተማዋን አጠቁ። ሲሚንቶ ፋብሪካውና አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ውጊያ ተደረገ፤ ድሬዳዋ አልወደቀችም። ያን ወቅት የኖረ የድሬ ሾፌር የሚያስታውሰው ከባድ መኪናው ጦር ሠራዊት መሆኑን ነው። የግል መኪኖች ሳይቀሩ ሚሊሺያ፣ ጥይትና ስንቅ እንዲያመላልሱ ተጠሩ። በደንገጎ ላይ ቡና ሲያወጣ የነበረው መኪና ቁስለኛ ይዞ ወረደ። ጦርነቱ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ተቀለበሰ።

ከዚህ ጦርነት ጋር አዲስ ዓይነት መኪኖች መጡ። አሜሪካ ወጣች፣ ሶቭየት ኅብረት ገባች፤ ዚል፣ ኡራልና ካማዝ መንገዱን ሞሉት። ለጦር የተሠሩ ናቸው፤ ጭቃና አሸዋ አይበግራቸውም፤ ነዳጅ ግን ይጠጣሉ፣ ካቢናቸውም ለበረሃ አልተሠራም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ዳብልዩ 50 ነው። በዚያን ዘመን የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነክቶ ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ቡና መግዣ ምንዛሪ አጥታ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ባለሥልጣኗ ቬርነር ላምበርትስ አዲስ አበባ መጥቶ ቡና በጦር መሣሪያ የሚለወጥበትን ስምምነት አደረገ፤ ከመሣሪያው ጋር መኪናና ሌላ ዕቃም ይመጣ ጀመር። ሉድቪግስፌልደ በተባለች ከተማ የሚሠራው ዳብልዩ 50 አምስት ቶን የሚጭን፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ካቢናው አራት ማዕዘን የሆነ ቀላል ማሽን ነው። ከኤንትሬ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሾፌሮች ጉልበቱን አያደንቁለትም። ኢትዮጵያ ግን በቡናዋ የከፈለችበት መኪና ነው። የሐረር ቡና ደግሞ ተለቅሞ የሚወጣው ከድሬዳዋ መጋዘኖች ነው። በ1983 ዓ.ም. ፋብሪካው ዳብልዩ 50ን መሥራት አቆመ፤ አገሩም ከዓለም ካርታ ጠፋ። ኢፋ ለእኛ አገር መለዋወጫ የሌለው የሙት ልጅ ሆኖ ቀረ።

በ1977 ዓ.ም. ሁለት መከራ አንድ ላይ ወረደ። በጥር ወር አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞተ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ነው። በዚያው ዓመት ድርቁ ሰሜኑን ይፈጅ ነበር። እህል ወደቡ ላይ ተከምሮ መኪና ጠፋ፤ ሰው የሚሞተው እህል በሌለበት ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያደርስ ጎማ በሌለበትም ነበር። ሶቭየት ኅብረት 300 ያህል የጭነት መኪና ከአውሮፕላኖችና ከሄሊኮፕተሮች ጋር ላከች፤ ምዕራባውያንም የራሳቸውን ላኩ። በ1978 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዓለም የምግብ ፕሮግራም ሥር የራሱን የጭነት ማመላለሻ አቋቋመ። የዕርዳታ ሾፌር ሆኖ የሠራ ሰው ዛሬም የሚያወራው ስለ መኪናው ስም ሳይሆን ስለ ወለሉ ነው፤ እህሉን ካራገፈ በኋላ ካሶኒው ላይ የፈሰሰውን ፍሬ ለመልቀም ስለሚወጡት ሕፃናት።

ወደቡ የተለወጠበት ጊዜ (1983–2000)

የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. የጭነት ትራንስፖርቱን ነፃ አደረገ። ተራ ቀረ፣ ታሪፍ ቀረ። አሮጌ የአውሮፓ መኪኖች ጎረፉ፤ ሾፌርም ባለንብረት ለመሆን ተስፋ አደረገ።

ከዚያ በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተከፈተና አሰብ ተዘጋ። ለሃያና ሠላሳ ዓመት አሰብን ብቻ የለመደ ሾፌር በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ድሬዳዋ በር መምጣት የነበረበት ይህ ጊዜ ነበር። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ድንበር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ጅቡቲ ቅርብ ናት። ከዚህ የሚያጥር መንገድ የለም። ግን አስፋልት አልነበረም። ባቡሩም በእርጅና ተይዞ ነበር። ስለዚህ ሰልፉ በሚሌና በጋላፊ በኩል በአፋር በረሃ ሄደ፤ ድሬዳዋ በራሷ ወደብ ዕድል ዳር ቆማ ተመለከተች። ይህ ለከተማዋ ከጦርነቱ ያልተናነሰ ኪሣራ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥራ ፈላጊው የድሬ ሾፌር መኪናውን ይዞ ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ተሰደደ። እዚህ የቀረው ከአወዳይ ጫት የሚያከንፍ ኢሱዙ ላይ ተቀመጠ። ጫት በሰዓታት ውስጥ ዋጋው ስለሚወድቅ ፍጥነቱ ገዳይ ሆነ፤ ሕዝቡ ኢሱዙን "አልቃይዳ" ያለው በከንቱ አልነበረም።

ሲኖ (2000–2009)

በ2000ዎቹ የግንባታ ሥራ አገሩን ሲያጥለቀልቀው የቻይናው ሲኖትራክ መጣ። ዋጋው ከአውሮፓ መኪና በእጅጉ ያነሰ፣ ገልባጩ ትልቅ፣ ብድሩም የተመቻቸ ነበር። ሕዝቡ ለዚህኛውም "ቀይ ሽብር" የሚል ስም ሰጠው።

ስሙን የሾፌሩ ጥፋት ብቻ አድርጎ መውሰድ ግን እሱን መበደል ነው። የኤንትሬ ሾፌር ዓመታትን በረዳትነት አሳልፎ፣ ታኮ ተሸክሞ ደንገጎን በእግሩ ወጥቶ ነበር መሪ የሚይዘው። የሲኖ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ይወርዳል። ደመወዙ በቢያጆ ነው፤ ብዙ ከተመላለሰ ብዙ ያገኛል፣ ከተኛ ይራባል። ከጭነት ልክ በላይ የሚጭንበት ባለንብረቱ ነው። አደጋውን ያበዛው ሙያው የሚተላለፍበት ሰንሰለት መበጠሱ ነው።

በዚያው ዘመን ትልልቅ ድርጅቶች አዳዲስ ቮልቮዎችን በብዛት አስገቡ። አምቼም የኢቬኮ ትራከርን ይገጣጥም ነበር፤ ትራከርን የነዳ ሰው የኤንትሬን የልጅ ልጅ እንደነዳ ይቆጥረዋል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ቀረጡን ሲያከብደው አሮጌ መኪና ከውጭ ገዝቶ ባለንብረት የመሆኑ መንገድ ጠበበ።

ከሐዲዱ ጋር እንደገና (ከ2009 ወዲህ)

መስከረም 25 ቀን 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010ም መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ሐዲድ ድሬዳዋን ያልፋል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የከዚራው አሮጌ ጣቢያ ከነጋራዡ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እስከ ደወሌ ያለው መንገድ አስፋልት ሆኖ በክፍያ መንገድነት ሥራ ጀመረ፤ በ1990 የጎደለው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ተሟላ ማለት ነው። በነሐሴ 2014 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና እዚሁ ተከፈተ። ባቡሩ ኮንቴይነሩን ያመጣል፣ ከባድ መኪናው ከመጋዘን ተቀብሎ ወደ ሐረር፣ ወደ ጂግጂጋና ወደ ጨርጨር ያወጣል። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግመሎቹ ይሠሩት የነበረው ይህንኑ ነው።

ትሬንታ ኳትሮ ዛሬ የለም። ኤንትሬ እዚህም እዚያም ግቢ ውስጥ ጎማው ተነፍሶ፣ ሞተሩ ተፈትቶ ቆሞ ይገኛል፤ ኢፋም እንዲሁ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች በየሰፈሩ ስለሚዞሩ የቀሩትም ቀልጠው ፌሮ ይሆናሉ። በአሮጌው የምድር ባቡር ግቢ ውስጥ ጎብኚ የሚያያቸው አሮጌ ባቡሮች አሉ፤ ከጎናቸው አንድ ኤንትሬና አንድ ኢፋ የሚቆሙበት ቦታ አይጠፋም። የከተማው አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም ቢሮው ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ ከባድ መኪና ያላችሁ ደግሞ በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ሊብሬውን፣ ሰሌዳውንና የነዳው ሰው ፎቶ ካለ እሱን አስቀምጡልን። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሾፌር ከነበሩና በሕይወት ካሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ መኪናቸውን በየት በኩል እንዳመጡት፣ ደንገጎን ስንት ሰዓት እንደወጡት፣ ታኮውን ማን እንደያዘላቸው ጠይቋቸው።